ማዕረግና ውሃ በነገሌ ቦረና

በጣሊያን አገር «የነገሌ ማርኪዝ» የሚባል ሰው ነበር። ሰውየው ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነው። ማርኪዝ በአውሮፓ መኳንንት ወግ ከመስፍን ዝቅ ብሎ የሚመጣ ማዕረግ ነው፤ ለጦር አዛዥ ሲሰጥ ድል ያደረገበት ቦታ ስም ይቀጠልበታል። ለዚህ ሰው የተቀጠለለት የእኛ ከተማ ስም ነው።

እኔ ነገሌ ቦረና ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ፣ እዚሁ ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይህን የማርኪዝነት ነገር መጀመሪያ ያነበብኩት በመምህርነት ማሠልጠኛ ሳለሁ ነበር። መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። በልጅነቴ አህያ እየነዳሁ ውሃ የቀዳሁባት፣ አቧራዋን ስተነፍስ ያደግሁባት ከተማ በአንድ ገዳይ ደረት ላይ ጌጥ ሆና ተሰቅላለች ብዬ ማመን አቃተኝ። ቁጣው ዛሬም አልበረደልኝም። ዕድሜ ሲገፋ ግን ቁጣው ወደ ራሴና ወደ ወገኖቼም ዞረ፤ ማዕረግን እንዲህ አድርጎ መውደድ የጣሊያኖች ብቻ በሽታ አልነበረምና። የነገሌ ታሪክ ይህን ደጋግሞ አሳይቶናል፤ ባሳየን ቁጥር ደግሞ አጠገቡ ውሃ አለ።

በ1928 መጀመሪያ ላይ የሲዳሞ ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው ጦራቸውን ይዘው ከይርጋለም ወደ ዶሎ ወረዱ። አብዛኛው ወታደር የደጋ ሰው ነበር። ከእንሰትና ከዝናብ አገር ተነሥቶ፣ ጥላ የሌለበትን የገናሌና የዳዋ ቆላ በእግሩ ገባበት። ግራዚያኒ ከሶማሊያ በኩል በተሽከርካሪ፣ በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ጠበቀው። ታኅሣሥ 20 ቀን በገናሌ ዳር መልካ ዲዳ ላይ ድንኳኑን ተክሎ ቁስለኛ ያክም የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ በአውሮፕላን ተደበደበ። የቡድኑ መሪ ዶክተር ፍሪዴ ሂላንደር ቆሰሉ፤ ባልደረባቸው ጉናር ሉንድስትሬም ሞተ። ቁስለኞቹም በተኙበት አለቁ።

በጥር ዋናው ውጊያ ተጀመረ። ጠላት የወንዙን ዳር ይዞ ስለነበር፣ በውሃ ጥም የተቃጠለው ወታደር ወደ ገናሌ ሲወርድ በመትረየስ ይመታ ነበር። በጥምቀት ሰሞን፣ ታቦት ወደ ወንዝ በሚወርድበት ሰሞን፣ የግራዚያኒ ጦር ነገሌ ገባ።

ከዚያ በኋላ ሽልማቱ ተደላደለ። ግራዚያኒ ማርሻልም፣ የነገሌ ማርኪዝም ሆነ። ሌላው የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮ የአዲስ አበባ መስፍን ተባለ። ንጉሣቸው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነኝ አለ። አንዲት የጣሊያን የባሕር ሰርጓጅ መርከብም ነገሌ የሚል ስም ወጣላት፤ እሷ በጥር 1933 በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተመትታ ከነሠራተኞቿ ባሕር ውስጥ ቀረች። ማርኪዙ በአዲስ አበባ በየካቲት 1929፣ በደብረ ሊባኖስ ደግሞ በዚያው ዓመት በግንቦት ያስፈሰሰውን ደም ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቀዋል። የካቲት 12 ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩበት፣ የጣሊያን ልዑል ተወለደ ብሎ ለድሆች ምጽዋት በሚያድልበት ሥነ ሥርዓት ላይ ነበር። ምጽዋቱ ራሱ መድረክ ያለው፣ የክብር ቦታ የተዘጋጀለት፣ ታይታ የሞላበት ነገር ነበር። ምጽዋት ስንሰጥ ፊት ለፊታችን መለከት እንዳናስነፋ ጌታችን ያስጠነቀቀን ለዚህ ይመስለኛል። መለከቱ ከተነፋ በኋላ ድሃው የታዳሚ ያህል እንኳ አይቆጠርም፤ የበዓሉ ዕቃ ይሆናል።

ራስ ደስታ ከነገሌ ሽንፈት በኋላ በሲዳሞ ተራሮች አንድ ዓመት ተዋጉ። የካቲት 17 ቀን 1929 በቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተገደሉ። የንጉሠ ነገሥቱ አማች ነበሩ፤ ቢፈልጉ ከንጉሡ ጋር መሰደድ ይችሉ ነበር። ወታደሩን የጠማው ውሃ እሳቸውንም እስኪጠማቸው አብረውት ስለቆዩ፣ ራስነታቸውን ሳስብ ልቤ አይጎረብጠውም።

በእኛም ቤት ያለውን ደግሞ ልናገር።

የአገራችን ማዕረግ መነሻው ሥራ ነበር። ፊታውራሪ ከጦሩ ፊት የሚቀድም፣ ቀኛዝማች በቀኝ የሚዘምት፣ ግራዝማች በግራ የሚዘምት፣ ደጃዝማች የንጉሡን ደጅ የሚጠብቅ ነው። እያንዳንዱ ስም ሞት የሚመጣበትን አቅጣጫ ያመለክታል። ጀግናው ለምድ ይለብስ፣ ጋሻው በወርቅ በብር ይለበጥ፣ አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ጉትቻ ያንጠለጥል ነበር። እየቆየ ግን ስሙ ከሥራው ተላቀቀ። በቀኝ ሆኖ ያልዘመተ ቀኛዝማች፣ ጦር ሜዳ ያላየ ፊታውራሪ በየአውራጃው በዛ። «ሹመት ያዳብር» ምርቃት ሆነ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውም ተረት በሕዝቡ አፍ ላይ ተተከለ፤ ይህን የሚተርት ሕዝብ ሹመትን ከመብል ለይቶ ማየት አቅቶታል ማለት ነው።

ቦረና ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በ1890 አካባቢ ወደዚህ ምድር ሲደርስ መሪው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በቅጽል ስማቸው አባ መላ ነበሩ። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ቤተ መንግሥት ያደጉ፣ በ1900 የጦር ሚኒስትር የሆኑ፣ ከዚያም አልፎ ንጉሥ ሲነሣና ሲወድቅ ድምፃቸው የሚጠበቅ ሰው ሆኑ። እንዲያም ሆኖ እስከ ሞቱበት እስከ 1919 ድረስ ማዕረጋቸው ፊታውራሪ ነበር። በዙሪያቸው ስንት ራስ ነበር፤ ራሶቹ ግን ምክር የሚጠይቁት ፊታውራሪውን ነው። እውነቱን ካልደበቅን ደግሞ ቦረና በሳቸው ዘመን የገባርነት ቀንበር ተጭኖበታል። ስሙን ዝቅ አድርጎ የያዘ ሰው እንኳ እጁ ከፍ ብሎ ሌላውን ሊጫን እንደሚችል የተማርኩት ከዚህ ነው። ስም አለመውደድ ብቻውን ትሕትና አይሆንም።

ወደ ነገሌ የሚያመጣው መንገድ በአዶላ በኩል ያልፋል። አዶላን የዘውዱ መንግሥት ክብረ መንግሥት ብሎ ሰይሟታል። ወርቅ የሚታጠብባት አገር ናት። በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር በወንዙ ዳር ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው፣ ጎንበስ ብለው በገበቴ አሸዋ የሚያጥቡ ሰዎች አያለሁ። ሜዳልያ ሁሉ መጀመሪያ እንዲህ ጎንበስ ባለ ሰው እጅ ውስጥ ነበር።

ጥር በነገሌ የቦና ወር ነው። ሣሩ ይነጣል፣ ኩሬው ጭቃ ይሆናል፣ ከብት ነጂው ወደ ዳዋ ይወርዳል። በ1966 እኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ጠላ ትጠምቅ ነበር፤ ውሃውን በአህያ የማመላልሰው እኔ ነኝ። ደንበኞቻችን ከከተማው ጥግ ከሰፈረው የምድር ጦር ብርጌድ የሚመጡ ተራ ወታደሮች ነበሩ።

በዚያ ጥር የሆነው በአገሪቱ ታሪክ ተጽፏል። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ። መኮንኖቹ ለብቻቸው ጉድጓድ ነበራቸው። ወታደሮቹ ከዚያ እንቅዳ ብለው ለመኑ፤ ተከለከሉ። የሚቀርብላቸው ምግብም ለሰው የሚሆን አልነበረም። ጥር 4 ቀን አዛዦቻቸውን አሰሩና አቤቱታቸውን ወደ ጃንሆይ ላኩ። ጃንሆይ የምድር ጦር አዛዥ የነበሩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ነገሩን እንዲያዩ ላኳቸው። ወታደሮቹ እሳቸውንም ያዟቸው፤ እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ እነሱ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ጄኔራሉ በኋላ ተለቀቁ። እሳቱ ግን ከነገሌ ወጥቶ ደብረ ዘይት ደረሰ፣ አሥመራ ደረሰ፤ የካቲት 20 ቀን የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ስለዚያ ሳምንት እኔ በዓይኔ ያየሁት ትንሽ ነገር ነው። አንድ ምሽት አንድ ወታደር ደጃችን ቆሞ ውሃ ለመነ። ጠላ አላለም፤ ውሃ ነው ያለው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። እናቴ ለጠላው ያቆየነውን ውሃ በጣሳ ቀድታ ሰጠችው፤ ጠጥቶ ጣሳውን ሲመልስ ድጋሚ ሞላችለት። ሦስተኛውን አልተቀበላትም። ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ አቀረቀረና «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» አለ። ማዕረጉ ምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። እኔ ልጅ ስለነበርኩ ትከሻው ላይ ምልክት ፈለግሁ፤ ባዶ ነበር።

በሳምንቱ ጥምቀት ሆነ። ታቦቱ ወጣ፣ ዲያቆናቱ ከበሮ መቱ፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ተከተለ። ካህኑ የተናገሩትን ዛሬም አልረሳሁትም፤ ፈጣሪ በባሪያው እጅ ሊጠመቅ ወደ ውሃው መውረዱን፣ ዮሐንስም የጫማውን ማሰሪያ ለመፍታት አልበቃም ብሎ መንቀጥቀጡን አስተማሩ። አጠገቤ የቆሙ ሁለት ወታደሮች ሲተያዩ አየሁ። ምን እንዳሰቡ አላውቅም። እኔ ግን ካደግሁ በኋላ ደጋግሜ ያሰብኩት ይህንን ነው፦ ጄኔራሉ በጠመንጃ ተገድደው የቀመሱትን የወታደር ምግብና የወታደር ውሃ፣ ጌታችን ማንም ሳያስገድደው መጥቶ ቀምሶታል። እንጨት ጠርቧል። ደክሞት በያዕቆብ ጉድጓድ ዳር ተቀምጧል፤ ሰው ከማይቆጥራት ሳምራዊት ሴት ውሃ ለምኗል። የመኮንኖች ጉድጓድና የወታደሮች ጉድጓድ የሚባል ነገር በእርሱ ዘንድ የለም።

ነገሌ ላይ የተነሣው አቤቱታ ትክክለኛ አቤቱታ ነበር። የጠማው ሰው ውሃ ጠየቀ። ያ አቤቱታ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ግን ደም ውስጥ ተነከረ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ባለሥልጣናት መካከል ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለ አንዱ ነበሩ። በመጋቢት 1967 ደርግ ዘውዱንና የመሳፍንት ማዕረጉን በአዋጅ ሻረ፤ ራሱም ደጃዝማቹም ገባሩም «ጓድ» ተባለ። ለጥቂት ጊዜ ልባችን ሞቆ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በጓዶቹ መካከል ሌላ ደረጃ ተሠራ፤ ሜዳልያው ተመለሰ፣ መድረኩ ከበፊቱ ከፍ አለ። በመስከረም 1977 የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዚያ ሁሉ ድምቀት ሲከበር ወሎና ትግራይ በረሃብ እያለቁ ነበር። በአንድ ጉድጓድ ምክንያት የተነሣ አብዮት 10 ዓመት ሳይሞላው የራሱን ጉድጓድ አጥሮ ነበር። ስሙን በአዋጅ መሻር ይቻላል፤ በሰው ልብ ውስጥ ያለውን «ከእገሌ ልብለጥ» የሚለውን ጥማት ግን አዋጅ አይደርስበትም።

የአገሬ የቦረና ሰዎች ይህን ከእኛ ቀድመው ያወቁ ይመስለኛል። በያቤሎና በሜጋ አካባቢ ዱብሉቅን፣ መልባናን፣ ዳስን የመሰሉ «ቱላ» የሚባሉ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። አንድ ጊዜ ዱብሉቅ ወርጄ ለግማሽ ቀን ተቀምጬ አይቻለሁ። ወጣቶቹ ልብሳቸውን አውልቀው ከታች እስከ ላይ አንዱ በአንዱ ራስ አናት ላይ በመወጣጫው ተደርድረው ይቆማሉ። ታች ያለው ባልዲውን ሞልቶ ወደ ላይ ያቀብላል፣ ባዶው ባልዲ በሌላው እጅ ይወርዳል፤ ዘፈኑ እጆቹን ያስማማቸዋል። ቀድሞ ባልዲው ከቀጭኔ ቆዳ የሚሠራ ኦኮሌ ነበር፣ አሁን ፕላስቲክ ሆኗል። ውሃው ላይ ሲደርስ በጭቃ የተሠራው ገንዳ ውስጥ ይገለበጣል፤ ከብቱ በተራው ቀርቦ ይጠጣል። ተራውን የሚመራው አባ ሔረጋ ነው። ጉድጓዱ በቆፋሪው ጎሣ ስም ይጠራል፣ ባለቤት አለው፣ የሥራ ድርሻ አለው። ዝም ብሎ የተለቀቀ ነገር አይደለም፤ ሥርዓቱ ጥብቅ ነው። ሥርዓቱ ግን የተሠራው ሁሉም እንዲጠጣ ነው።

ሰንሰለቱን ሳይ ከሁሉ በላይ ዓይኔ የቀረው ታች ባለው ልጅ ላይ ነበር። ከላይ ሆኖ የሚያየው የለም፣ ፀሐይም አይደርስበትም። ጭቃው እስከ ጭኑ ነው። እሱ እጁን ቢያቆም ላይ ያሉት ሁሉ በባዶ እጅ ይቆማሉ።

የገዳ ሥርዓታቸውም እንዲሁ ነው። የቦረና አባ ገዳ ስምንት ዓመት ይመራል፤ ከዚያ በኋላ የሥልጣን ምልክት የሆነውን የሰጎን ላባ፣ ባሊውን፣ ለተተኪው አስረክቦ ይሄዳል። በ2009 ከጉዮ ጎባ የተረከቡት ኩራ ጃርሶ በ2017 በአሬሮ አካባቢ በአርዳ ጂላ በዳሳ ለጉዮ ቦሩ አስረክበዋል። ላባ ቀላል ነገር ነው፤ ንፋስ ይወስደዋል። የዚህ አገር ሽማግሌዎች ሥልጣንን በላባ መመሰላቸውን ሳስብ ጥበባቸውን አከብራለሁ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እምነታችንም ይለያያል፤ ከጎረቤቴ የተማርኩትን ግን አልክድም።

አሁን የራሴን በደል ልናገር፤ ሳልናገር ብቀር ይህ ጽሑፍ ሐሰት ይሆናል።

በማስተምርበት ዘመን ሰኔ 30 የካርድ ቀን ነው። ተማሪውን በሰንደቅ ዓላማው ሜዳ አሰልፈን ከአንደኛ ጀምረን ስምና ደረጃ እንጠራለን። አንደኛ ለወጣው ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማል፣ ይጨበጨባል። አንድ ዓመት፣ ከ30 ዓመት በፊት ይሆናል፣ የክፍሌን ተማሪዎች ደረጃ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። 58ኛዋ አንዲት ልጅ ነበረች። ስሟን ስጠራ ልጆቹ ሳቁ። እሷ መጥታ ካርዷን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ አራት አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው፣ ወደ ሰልፏ ተመለሰች።

ይህች ልጅ ዓመቱን ሙሉ የክፍላችንን እንስራ በየማለዳው የምትሞላ ልጅ ነበረች። ማንም አላዘዛትም። ቦና ሲሆን ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ከሩቅ ትቀዳለች፤ ስልሳ የሚሆን ልጅ ከዚያ ይጠጣል፣ አንደኛ የወጣውም ይጠጣል፣ እኔም እጠጣ ነበር። እንቅልፏን ያጣችው፣ ትምህርቷ ላይ የደከመችው በዚህ ሊሆን እንደሚችል አላሰብኩትም። ካርድ ታድሎ ልጆቹ እየጮሁ ከተበተኑ በኋላ ወደ ክፍል ስመለስ እዚያ አገኘኋት። እንስራውን አጥባ፣ ለክረምቱ አቧራ እንዳይገባበት ድንጋይ ላይ ደፍታ ስታስቀምጥ ነበር። «ደህና ክረምት፣ ጋሼ» ብላኝ ሄደች። እኔ ምንም አላልኳትም። በመስከረም አልተመለሰችም።

ሽልማት ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ሐዋርያው ክብር ለሚገባው ክብር እንድንሰጥ አስተምሯል። በዘውዱ ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሲሸልም ሠሩ ለተባሉት ሥራ መስክሯል፤ ያ ምስክርነት ለወጣቱ ብርታት ነበር። ሰው ለደከመበት ነገር «አየንህ» መባሉ ተገቢ ነው። ችግሩ የምናየው ከፍ ያለ መድረክ ላይ የቆመውን ብቻ መሆኑ ነው። ዓይናችን ወደ ላይ ብቻ ስለለመደ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ልጅ አናይም።

ዛሬ ይህ ብሶብናል። በየሳምንቱ የምስክር ወረቀት ይታደላል፣ በየግድግዳው ሰሌዳ ይሰቀላል። ከስም በፊት የሚመጣው ነገር ከስሙ ረዝሟል። እኛም የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አልተረፍንም። በኦርቶዶክሱም በወንጌላውያኑም ዘንድ ለጋሹ ከፊት ይቀመጣል፣ የሰጠው ብር በድምፅ ማጉያ ይነበባል፤ የያዕቆብ መልእክት የወርቅ ቀለበት ላደረገው የክብር ቦታ፣ ለድሃው የእግር መረገጫ ማዘጋጀትን እንዴት እንደገሠጸ እያወቅን። ባለፈው ዓመት በአንድ የሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ተጋብዤ ነበር። ወሩ ጥር ነበር። የክብር እንግዶች ከድንኳኑ ሥር፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ፊት፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት የታሸገ ውሃ ይዘው ተቀመጡ። ከአካባቢው ትምህርት ቤት የመጡት ልጆች ፀሐይ ላይ ሦስት ሰዓት ቆሙ። አንዲት ትንሽ ልጅ ወደ ጠረጴዛው ስትመለከት አየኋት። በነገሌ፣ በጥር፣ ከ50 ዓመት በኋላ፣ የመኮንኖቹ ጉድጓድ እንደገና ፊቴ ተከፈተ። የእኔን ውሃ አንሥቼ ሰጠኋት፤ ለአምስት ተካፈሉት።

የዘብዴዎስ ልጆች እናት ለልጆቿ የለመነችውን ነገር አበሻ ሲሰማው በቶሎ ይገባዋል። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ እንዲቀመጡላት ነው የጠየቀችው፤ ቀኛዝማችነትና ግራዝማችነት ነው። ጌታችን ልመናዋን ሰምቶ አልሳቀም፣ አልተቆጣትምም። ልጆቹን ጽዋውን ትጠጡ ዘንድ ትችላላችሁን ብሎ ጠየቃቸው እንጂ። ከዚያም ሌሎቹ አሥሩ ሲቆጡ ሁሉንም ጠርቶ፣ በእነርሱ መካከል ታላቅ መሆን የሚወድ የሁሉ አገልጋይ ይሁን አላቸው። በቋንቋችን ዋንጫ ሲባል ሽልማቱም መጠጫውም ነው። ሽልማት የሆነው ዋንጫ ውሃ አይቀዳበትም፤ መስታወት ቤት ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። ክርስቶስ ስለ ሽልማት በተናገረበት ቦታ ዋጋው አይጠፋበትም ብሎ ቃል የገባለት ሰው ለታናናሾቹ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውሃ ያጠጣ ሰው ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይህን ያህል ትንሽ ሥራ ይህን ያህል በግልጽ ዋጋ ሲቆረጥለት ሌላ ቦታ አላገኘሁም። የእናቴን ጣሳ አስባለሁ። የዚያችን ልጅ እንስራ አስባለሁ። በእርሱ መዝገብ 58ኛ እንዳልሆነች አምናለሁ፤ በእኔ መዝገብ ግን እንደዚያ ብዬ ጽፌያታለሁ፣ ስለዚህም ይቅርታ እለምናለሁ።

በጸሎተ ሐሙስ በቤተ ክርስቲያናችን ሕጽበተ እግር ይደረጋል። ካህኑ ወገባቸውን ታጥቀው፣ የወይራና የወይን ቅጠል ይዘው፣ ጎንበስ ብለው የሕዝቡን እግር ያጥባሉ። የነጋዴው እግር ይመጣል፣ የእረኛው እግር ይመጣል፣ አስፋልት ያልነካው የተሰነጠቀ ተረከዝ ይመጣል። በዚያ ሰዓት ሁሉም ጫማውን አውልቋልና ማን ምን እንደሆነ አይታወቅም።

ለብዙ ዓመት ሳላስተውለው የቀረሁት አንድ ነገር ነበር። ያ ሁሉ ውሃ ከየት ይመጣል? ባለፈው ዓመት ቀደም ብዬ ስሄድ አንዲት አሮጊት በሩ ላይ ሁለት ጀሪካን አስቀምጠው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ደረስኩ። በየዓመቱ የሚያመጡት እሳቸው ናቸው። ስማቸው በድምፅ ማጉያ ተጠርቶ አያውቅም። «እትዬ፣ አንዱን ያቀብሉኝ» አልኩና ጀሪካኑን ተቀበልኳቸው። ከባድ ነበር። አብረን እስከ ውስጥ ገብተን ከሳህኑ አጠገብ አደረስነው፤ እሳቸው ቆባቸውን አስተካክለው ከሴቶቹ በኩል ወደ ኋላ ሄዱ፣ እኔም ጫማዬን አውልቄ ተራዬን ያዝኩ።